አንዱ ለሌላው ጨረቃ፤ ስለ ኡራስና ስለ አናሬስ

የሳይንስ ልብ ወለድ የሚባለውን የድርሰት ዓይነት ብዙዎቻችን በዕረፍት ሰዓት እንደሚነበብ ጨዋታ አድርገን እንመለከተዋለን። ይህ አስተያየት ጨርሶ መሠረት የለውም ለማለት አይቻልም፤ በዚህ ስም ከሚታተሙት መጻሕፍት ብዙዎቹ ጀግናቸውን ከአንዱ ኮከብ ወደ ሌላው የሚያመላልሱት በምድር ላይ ሊጣላው ይችል የነበረውን ጠብ በሰማይ እንዲጣላ ብቻ ነውና። እንዲህ ባለው መጽሐፍ ውስጥ ፕላኔቱ የቴያትር መጋረጃ ነው። በረሃው ባሕር፣ ባሕሩም በረዶ ቢደረግ ታሪኩ አይናወጥም። ስለዚህ አንድ ደራሲ የፈጠረውን ዓለም ለመመዘን የሚያገለግል አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፣ መሬቱ ቢለወጥ ክርክሩ ይለወጣልን? የሚል ነው።

ጥያቄውን የማቀርበው አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ለ ግዊን በ1974 ላሳተመችው «ዘ ዲስፖዘስድ» ለተባለው ልብ ወለድ ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) መጽሐፉ በዚህ የድርሰት ዘርፍ ትልቅ የሚባሉትን ሁለቱን ሽልማቶች፣ ሁጎንና ኔቡላን አግኝቷል። ደራሲዪቱ በ1929 በካሊፎርኒያ፣ በበርክሊ ከተማ ተወልዳ በ2018 ዐርፋለች። አባቷ አልፍሬድ ክሮበር ስለ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ልማድና ቋንቋ በመመርመር ስሙ የታወቀ ሊቅ ነበር። የልጅቱም ድርሰት ከአባቷ ሙያ የወረሰው ነገር እንዳለ በግልጽ ይታያል፤ ወደ አንድ የፈጠራ አገር ስትገባ አስቀድማ የምትጠይቀው ስለ መሣሪያው ሳይሆን ሰዉ ምን እንደሚበላ፣ ልጁን እንዴት እንደሚያሳድግ፣ ዘመዱንም በምን ስም እንደሚጠራ ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በታው ሴቲ ዙሪያ ነው። ኮከቡ ራሱ የፈጠራ አይደለም። ከእኛ 12 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ የሚገኝ፣ ከፀሐይ ጥቂት ያነሰና የቀዘቀዘ፣ ብርሃኑም የፀሐይን ግማሽ ያህል የሆነ ኮከብ ነው። የከተማ መብራት በማይበዛበት ስፍራ በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት ከአገራችን ሰማይ ላይ ያለ መነጽር ሊታይ ይችላል። በ1960 ፍራንክ ድሬክ የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ በዌስት ቨርጂኒያ፣ በግሪን ባንክ በሚገኘው 26 ሜትር ስፋት ባለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ከሌላ ዓለም የሚላክ መልእክት ይኖር እንደ ሆነ ለማዳመጥ ሲነሣ፣ መጀመሪያ ከመረጣቸው ሁለት ከዋክብት አንዱ ይኸው ነበር፤ የሰማው ነገር ግን አልነበረም። በ2004 የወጣ ጥናት ደግሞ ኮከቡን የሚከብበው አቧራና ስብርባሪ በፀሐያችን ዙሪያ ካለው ከዐሥር እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። በ2012 እና በ2017 ፕላኔቶች አሉት ተብሎ የቀረበው ግምት ገና የጸና ማረጋገጫ አላገኘም። ይህን ሁሉ የምጠቅሰው ኮከቡ የት እንዳለ አንባቢው እንዲያውቅ ያህል እንጂ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ኮከቡ ራሱ ብዙ ሥራ የለውም። ሥራ ያላቸው ሁለቱ ፕላኔቶች ናቸው።

ኡራስና አናሬስ አንዱ ሌላውን የሚዞሩ መንትያ ዓለሞች ናቸው። ኡራስ ትልቁ፣ ውኃው የበዛ፣ ደኑና እንስሳው የሞላ፣ ብዙ መንግሥታት ያሉበት፣ ባለጠጋና ድኻ የሚኖሩበት ነው። አናሬስ ደረቅና ብርድ የበዛበት፣ አየሩ የሳሳ፣ በየብሱ ላይ አንድም ወፍ ወይም አራዊት የሌለበት፣ ሕይወት ያለው እንስሳ በባሕሩ ውስጥ ካሉት ዓሦች ብዙም የማያልፍበት ዓለም ነው። የኡራስ ሰው አናሬስን ጨረቃ ይለዋል፤ የአናሬስም ሰው ኡራስን ጨረቃ ይለዋል። (እንዲህ ያለ ከባድ ጎረቤት ባለበት ባሕሩ እንዴት እንደሚሞላና እንደሚጎድል ደራሲዪቱ ብዙ አልተጨነቀችበትም። የፊዚክስ ተማሪዎች ጓደኞቼ ቢያሰሉት ደስ ይለኛል።)

ታሪኩ ከሚጀምርበት ጊዜ ከ170 ዓመት ያህል በፊት፣ ኦዶ የተባለች የኡራስ ሴት ያስተማረችውን ትምህርት የተከተሉ ሰዎች ባለሥልጣን፣ ሕግና የግል ንብረት የሌለበት ማኅበር ለማቋቋም በኡራስ ላይ ተነሥተው ነበር። መንግሥታቱም ዐመፁ እንዳይስፋፋባቸው ስለ ፈሩ፣ ከማዕድን ማውጫ ሠፈር በቀር ምንም ያልነበረበትን ጨረቃ ሰጥተው አሰናበቷቸው። ኦዶ ራሷ ይህን ሳታይ ሞታለች። አናሬስ እንግዲህ በድል የተያዘ አገር አይደለም፤ እንዲሄዱ የተሰጠ ጉቦ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ይህን ነጥብ አንባቢው በልቡ ይያዘው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ዋናው ሰው ሼቬክ የአናሬስ ተወላጅ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ደራሲዪቱ ለዚህ ሰው መልክ መነሻ የሆናት የወላጆቿ ወዳጅ የነበረው ሮበርት ኦፐንሃይመር እንደ ሆነ ራሷ ተናግራለች። ሼቬክ ከሰፈራው ወዲህ ወደ ኡራስ የሄደ የመጀመሪያው ሰው ይሆናል። መጽሐፉ 13 ምዕራፎች ሲኖሩት፣ አንዱ ምዕራፍ በኡራስ፣ ቀጥሎ ያለው በአናሬስ እየተፈራረቀ ይሄዳል፤ ስለዚህ አንባቢው እንደ ፕላኔቶቹ አንዱን ሲያይ ሌላው ከበላዩ እንደ ተንጠለጠለ ይሰማዋል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። በመጽሐፉ ላይ የሚቀርበው ከባዱ ነቀፋ የሚከተለው ነው። ደራሲዪቱ ያለ መንግሥትና ያለ ንብረት የሚኖር ማኅበር ይቻል እንደ ሆነ ለመፈተን ከፈለገች፣ ለምን ድኻ ፕላኔት ላይ አሰፈረችው? በአናሬስ የሚሰረቅ ነገር የለም፤ ሁሉም ሰው በረኀብ አፋፍ ላይ ስለሚኖር መተባበር የውዴታ ሳይሆን የግዴታ ይሆናል። ማኅበሩ ቢሰምር ምክንያቱ ድኽነት ነው፤ ቢበላሽም ምክንያቱ ድኽነት ነው። ፈተናው ስለዚህ ምንም አላሳየም፤ በሚዛኑ ላይ አስቀድሞ ድንጋይ ተቀምጧልና። ፍሬድሪክ ጄምሰን የተባለው ሐያሲ በ1975 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ልማዷን ዓለምን መቀነስ ብሎ ሰይሞታል። በ1969 በወጣው በሌላው መጽሐፏ ጌተን የተባለውን ዓለም በብርድ እንደ ቀነሰችው፣ አናሬስንም በድርቅ ቀነሰችው፤ የማትፈልገውን ነገር ሁሉ ከመሬቱ ላይ ጠርጋ የቀረውን ትመረምራለች ማለት ነው።

ነቀፋው ቀላል አይደለም፤ ከየት እንደ መጣ ግን ማየት ይገባል። ለ ግዊን ከተማረችባቸው ሰዎች አንዱ ፒተር ክሮፖትኪን ነው። ክሮፖትኪን በወጣትነቱ ሳይቤሪያን ሲዞር ያየው ነገር ሐሳቡን ሁሉ ለወጠው፤ አየሩ ሲከፋና መብል ሲጠፋ ፍጥረታት እርስ በርሳቸው ሲበላሉ አገኛለሁ ብሎ ሲጠብቅ፣ ሲረዳዱ አገኘ። በ1902 በታተመው መጽሐፉ መረዳዳትን የሕይወት ሕግ አድርጎ ያቆመው ከዚህ ተነሥቶ ነው። አናሬስ እንግዲህ የክሮፖትኪን ሳይቤሪያ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን አንድ የሚያስገርም ልዩነት አለ። ክሮፖትኪን ትምህርቱን ያገኘው ከአእዋፍና ከእንስሳት ነበር፤ ለ ግዊን ግን እንስሳቱን በሙሉ አጠፋቻቸው። የአናሬስ ሰው ከአጠገቡ ቆሞ ምሳሌ የሚሆነው ፍጥረት የለውም። የሼቬክ ጓደኛ ታክቨር በዓሣ ጥናት የምትሠራ ሴት ናት፤ ለሌሎች ፍጥረታት ያላት ናፍቆት በመጽሐፉ ውስጥ ከማንም ሰው ይበልጣል። ሼቬክም በኡራስ በአንድ ባልደረባው ቤት የሚያድግ የውኃ እንስሳ ወደ እርሱ ሲቀርብ የሚሰማው ደስታ፣ ይህ ሰው ምን እንደ ጎደለው ከብዙ ገጽ ሐተታ ይልቅ ያስረዳል። የአናሬስ ሰዎች መረዳዳትን ከፍጥረት ሳይሆን ከመጽሐፍ ነው የተማሩት፤ ከመጽሐፍ የተማሩት ነገር ደግሞ እንዴት ወደ ልማድ፣ ልማዱም እንዴት ወደ ቀንበር እንደሚለወጥ ማሳየት የደራሲዪቱ እውነተኛ ጉዳይ ይመስለኛል።

ለዚህም ማስረጃ የሚሆኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ በሦስቱም ውስጥ ድርቁ እጁን አላስገባም።

አንደኛው የልጆቹ ጨዋታ ነው። ሼቬክና ጓደኞቹ በልጅነታቸው በኡራስ እስር ቤት የሚባል ነገር እንዳለ ይማራሉ። በአገራቸው እስር ቤት ስለሌለ ነገሩ ሊገባቸው አልቻለም፤ ስለዚህ ሊሞክሩት ተነሡ። ከትምህርት ቤቱ ሥር አንድ ጠባብ ስፍራ አግኝተው ከመካከላቸው አንዱን ልጅ ዘጉበት፤ ልጁም ፈቅዶ ገባ። መጀመሪያ ሳቅ ነበር። ልጁን ግን ሌሊቱን ሙሉ ከዚያ ውስጥ ትተውት ሲያወጡት በራሱ ቆሻሻ ተበክሎ አገኙት፤ ሼቬክም አስታወከ። ልጆቹ ይህን ከማንም ባለሥልጣን አላዩም፤ የሚያስገድዳቸውም ድኽነት አልነበረም። ለመዝጋት የሚያስፈልገው በር ብቻ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ጥቂት ገጽ አላገኘሁም።

ሁለተኛው ሳቡል ነው። ይህ ሰው በዋናው ከተማ በአቤናይ የፊዚክስ ሊቅ ሲሆን ሥልጣን የለውም፤ ሥልጣን የሚባል ነገር በአናሬስ የለምና። ይሁን እንጂ ከኡራስ የሚመጡት መጻሕፍት በእርሱ እጅ ያልፋሉ፤ የወጣቶቹ ሥራ እንዲታተም ወይም እንዳይታተም የእርሱ ቃል ይሰማል፤ የሼቬክንም መጽሐፍ ስሙ አብሮ ካልገባበት አያሳትምም። ሥልጣን የሌለው ሰው እንዴት ይህን ሁሉ ያደርጋል? የሼቬክ ወዳጅ ቤዳፕ መልሱን ይሰጣል፤ የሳቡል ኀይል የሚመነጨው ከሌሎች ፍርሃት፣ ይኸውም ሰው ምን ይለኛል ከሚል ፍርሃት ነው። ሕግ ያለበት ሰው ሕጉን ይጥሳል ወይም ይከራከራል፤ ሕግ በሌለበት ግን ከማን ጋር ይከራከራል? እኛ በትምህርት ዓለም ያለን ሰዎች ይህን ክፍል ስናነብ የአናሬስን ርቀት እንረሳዋለን።

ሦስተኛው ቲሪን ነው። ከልጆቹ ሁሉ ቀልደኛው የነበረው ይህ ሰው አንድ ቴያትር ይጽፋል፤ ቴያትሩ ሰዉን አስቀየመ። ማንም አላሰረውም፤ ነገር ግን በአደባባይ ተወቀሰ፣ ከሙያው ጋር የማይስማማ ሥራ እየተመደበለት ከስፍራ ወደ ስፍራ ተንከራተተ፣ በመጨረሻም የአእምሮ ሕሙማን ከሚጠበቁበት ደሴት ገባ። ቲሪን እስር ቤት በሌለበት አገር የታሰረ ሰው ነው። በእስር ቤቱ ጨዋታ ላይ ከነበሩት ልጆች አንዱ እርሱ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል።

ከእነዚህ አንዱም በድርቁ አይመካኝም። ፕላኔቱ ወንዝና ደን ቢኖረውም ሳቡል ሳቡል ነው። ስለዚህ ደራሲዪቱ ሚዛኑ ላይ ድንጋይ አኖረች የሚለው ነቀፋ ግማሹ ብቻ እውነት ነው፤ ድንጋዩን አስቀምጣ ሚዛኑ ከማይደርስበት ስፍራ ሌላ ነገር መዝናለች።

ድርቁ ራሱ ሲመጣ ግን መሬቱና ሐሳቡ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ዝናብ ለዓመታት ይቀራል፤ ሼቬክና ታክቨር በየሥራው ምድብ ተለያይተው አራት ዓመት ሳይተያዩ ይኖራሉ። ሼቬክ በረኀቡ ጊዜ ከተሰጡት ሥራዎች አንዱ የምግብ ድርሻን የሚወስን ዝርዝር ማዘጋጀት ነበር፤ ሙሉ ሥራ የሚሠራ ሙሉ ይበላል፣ ግማሽ የሚሠራ ግማሽ፣ የታመመውም ሌላ ነው። ይህን ሥራ ትቶ ሄደ። እርሱ ትቶ ቢሄድ ግን ሌላ ሰው እንደሚይዘው ያውቃል። በዚህ ስፍራ ደራሲዪቱ የጨከነችው በገዛ ሐሳቧ ላይ ነው። ረኀቡን ሁሉም እኩል ይካፈለዋል የሚለው ተስፋ አልፈረሰም፤ በአናሬስ አንዱ ጠግቦ ሌላው በደጁ አልሞተም። ነገር ግን እኩል ለመካፈል የሚቈጥር ሰው ያስፈልጋል፤ የሚቈጥር ሰው ካለ ደግሞ ዝርዝር አለ፤ ዝርዝሩን የያዘ እጅ ከሌሎቹ እጆች ጋር እኩል አይደለም። ባለንብረት ሳይኖር ባለዝርዝር ተወለደ ማለት ነው። ይህን ለማየት ድኻ ፕላኔት ማስፈለጉን እቀበላለሁ። በሞላ አገር ዝርዝሩ ይኖራል፣ ግን አይታይም።

ኡራስ በበኩሉ እንደ አናሬስ የተዋጣ አይደለም። የመሬቱ ውበት የተጻፈው ወፍ ሰምቶ በማያውቅ ሰው ጆሮ ስለ ሆነ ሕይወት አለው። መንግሥታቱ ግን ያለ ምንም ድካም የሚታወቁ ናቸው፤ ባለጠጋዋ አኢዮ አሜሪካ፣ ባላንጣዋ ቱ ሶቪየት ኅብረት፣ የሁለቱ ጦር የሚዋጋባት ቤንቢሊም በዚያን ጊዜ በጦርነት ከምትነደው ከቬትናም ሩቅ አይደለችም። 12 የብርሃን ዓመት ተጉዞ የ1974ን ጋዜጣ ማግኘት ያሳዝናል። አናሬስን ለመፍጠር ደራሲዪቱ ቋንቋውን፣ ስያሜውን፣ የልጅ አስተዳደጉን ሁሉ ከሥሩ ሠርታለች፤ ኡራስን ግን ያገኘችው ተሠርቶ ነው። ሼቬክ በአኢዮ የሚያየው ግብዣ፣ የሱቅ መስኮትና ፖለቲከኛ ሁሉ የአናሬስን ንጽሕና ለማሳየት የቆመ ስለሚመስል፣ በእነዚህ ምዕራፎች ላይ ነቃፊዎቹ ትክክል ናቸው።

ከዚህ ነቀፋ የሚያድናቸው አገልጋዩ ኤፎር ነው። ሼቬክ ለረጅም ጊዜ አገልጋዩን እንደ ዕቃ ጸጥ ብሎ ያየዋል፤ አንድ ቀን ሲታመም ግን ኤፎር አፉን ከፍቶ ስለ ድኾች ሆስፒታልና ስለ ሞተች ልጁ ይነግረዋል። ከዚያ ወዲህ ኡራስ ጋዜጣ መሆኑ ይቀራል። ሼቬክ በአደባባይ ለተሰበሰበው ሠራተኛ ሲናገር ሄሊኮፕተሮች መጥተው በሕዝቡ ላይ ይተኩሳሉ፤ እርሱም ከቈሰለ ሰው ጋር በአንድ ምድር ቤት ተደብቆ ሰውዬው በአጠገቡ ይሞታል። በዚህ ጊዜ ነው የአናሬስ ጨረቃነት ትርጉም የሚያገኘው። ለኡራስ ድኾች አናሬስ ጥቅስ ወይም ወሬ አይደለም፤ በየሌሊቱ ከራሳቸው በላይ የሚወጣ ብርሃን ነው። ባለሥልጣኖቹ ዐመፀኞቹን ከምድራቸው ሲያስወግዷቸው ከዓይን ማስወገድ ግን አልቻሉም፤ ጉቦ አድርገው የሰጡት ስፍራ ማንም ሊሸፍነው የማይችል ስፍራ ነበርና። አናሬስ በሌላ ኮከብ ዙሪያ ቢሆን ኖሮ ይህ ነገር አይሆንም ነበር። መሬቱ ቢለወጥ ክርክሩ ይለወጣልን? ላልነው ጥያቄ መልሱ ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ግልጽ ነው።

በመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ሦስተኛ ዓለም ይነሣል፤ እርሱም የእኛው ምድር ነው። ሼቬክ ሸሽቶ ከምድር አምባሳደር ከኬንግ ዘንድ ይጠጋል። እርስዋም ምድራችን በሰው ስስትና ጠብ ጠፍታ ፍርስራሽ እንደ ሆነች፣ የተረፉትም በጥብቅ ቍጥጥር ሥር እንደሚኖሩ ትነግረዋለች፤ ለእርስዋ ኡራስ ገነት ነው። ይህ ንግግር የሼቬክን ፍርድ ሁሉ ያናጋል፤ እርሱ ሲኦል ብሎ ሊተወው የተነሣውን አገር ሌላው በናፍቆት ያየዋልና። ሦስቱን ዓለሞች ጎን ለጎን ስናቆማቸው እንዲህ ይሆናሉ፤ ኡራስ ሀብትም ባለንብረትም ያለበት፣ አናሬስ ሀብትም ባለንብረትም የሌለበት፣ ምድር ደግሞ ባለንብረቱ ሀብቱን በልቶ የጨረሰበት። አራተኛው የት አለ? ሀብት ሞልቶ ባለንብረት የሌለበት ዓለም በዚህ ሥርዓተ ኮከብ ውስጥ አልተጻፈም። የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል። የሚቀርበው ምክንያት ይገባኛል፤ ሁሉ የሞላበት ነፃ አገር ቢጻፍ የሕልም እንጀራ ሆኖ ይቀር ነበር ይባላል። ነገር ግን ከባዱ ጥያቄ ያለው እዚያ ነው። ሰው የሚካፈለው ሲያጣ ብቻ ከሆነ፣ ሲያገኝ ምን ይሆናል? በአናሬስ ማንም ይህን አልተጠየቀም። በኡራስ አደባባይ የተተኰሰባቸው ሰዎች ግን የሚጠይቁት ይህንኑ ነበር፤ አገራቸው ድኻ አይደለምና። መልሳቸውን ሳንሰማ ሼቬክ ወደ አገሩ ይመለሳል።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይቻለኝም፤ ለአማርኛ አንባቢ ከሁሉ የሚጥመው ክፍል ነውና። የአናሬስ ሰዎች ፕራቪክ የሚባል ሆን ተብሎ የተሠራ ቋንቋ ይናገራሉ። በዚህ ቋንቋ የእኔ፣ የአንተ ማለት የተለመደ አይደለም፤ ልጅ እናቴ ከማለት ይልቅ እናቲቱ ማለትን ይለምዳል፤ አልጋዬ ከማለት ይልቅ የምተኛበት አልጋ ይላል። ሐሳቡ፣ ቃሉ ከጠፋ ነገሩም ይጠፋል የሚል ነው። በአማርኛ እንሞክረው። እናቲቱ ታመመች የሚል ልጅ የጣቢያ ቃል የሚሰጥ እንጂ ለእናቱ ያዘነ አይመስልም። ከዚህም የባሰ ችግር አለ። በቋንቋችን የገዛ ልጁ፣ የገዛ እጁ፣ የገዛ ቤቱ እንላለን፤ ገዛ የሚለው ቃል ደግሞ በአንድ በኩል በገንዘብ መግዛት፣ በሌላ በኩል ሕዝብን መግዛት ነው። ኦዶ ብዙ ደክማ ያስተማረችውን፣ ይኸውም ባለንብረትና ባለሥልጣን አንድ ሥር እንዳላቸው፣ አማርኛ በአንድ ግስ ይናገረዋል።

ይህ ለፕራቪክ ፈጣሪዎች ድጋፍ ይመስላል፤ ነገር ግን እዚያው ቋንቋችን ውስጥ ተቃራኒው ማስረጃም አለ። እንግሊዝኛ ላም አለኝ ለማለት ራሱን የቻለ የመያዝ ግስ አለው፤ ባለላሙ አድራጊ፣ ላሚቱ ተደራጊ ናት። በአማርኛ ግን እንዲህ ያለ ግስ የለም። አለ የሚለውን የመኖር ግስ ወስደን ላሟ ለእኔ ትኖራለች እንደ ማለት ነው የምንናገረው። በሰዋስው ረገድ እኛ ከፕራቪክ ብዙ አንርቅም፤ ሆኖም በድንበርና በውርስ መካሰስን ከማንም ሕዝብ ያነሰ አናውቅም። እንደዚሁም ጌታዬ የሚለውን ቃል እንመልከት። የባለቤትነቱን ምልክት የያዘው የሚገዛው ሳይሆን የሚገዛለት አገልጋዩ ነው። አገሬ የሚልም ሰው አገሩን የሸጠ ወይም የገዛ አይደለም፤ እርሱ ራሱ የአገሩ መሆኑን መናገሩ ነው። ስለዚህ የእኔ የሚለው ቃል ንብረትን ብቻ ሳይሆን መታዘዝንም ፍቅርንም ይሸከማል፤ ቃሉን ነቅሎ የሚጥል ሰው ሦስቱንም አብሮ ይነቅላል። ታክቨርና ሼቬክ ሕግ ሳያስገድዳቸው ዕድሜያቸውን አብረው ለመኖር ቃል ሲገባቡ፣ ቋንቋቸው የሚሰጣቸው ቃል ለሚፈልጉት ነገር እንደማይበቃቸው ይሰማኛል። ደራሲዪቱ ይህን አልካደችም፤ የሁለቱን ታማኝነት ከመጽሐፉ ሁሉ የጸና ነገር አድርጋዋለች።

የኡራስን ድኾች ሳስብ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለው የአባቶች ተረት ይመጣብኛል። ተረቱ የሚነገረው በማይጨበጥ ነገር በሚመካ ሰው ላይ ለመሣቅ ነው። ሼቬክ ግን ሰማይ ላይ ካለችው ላም ዘንድ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ሆነ ወተቷ ጥቂት፣ አጥንቷም የገጠጠ እንደ ሆነ ያውቃል። ይህን እያወቀ ነው በአደባባይ ቆሞ ለእነርሱ የተናገረው፤ የምሰጣችሁ የለኝም፣ ባዶ እጄን መጥቻለሁ ነው የሚላቸው። ጥበበኛ ፖለቲከኛ እንዲህ አይናገርም።

መጽሐፉ የሚጀምረው በአንድ አጥር ነው፤ በአናሬስ መርከቦች የሚያርፉበትን ስፍራ የከበበ ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ፣ ልጅ እንኳ ሊሻገረው የሚችል። በዓመት ጥቂት ጊዜ ከኡራስ የሚመጡ መርከቦች ማዕድን ጭነው ይሄዳሉ፤ አናሬስ በነፃነቱ ቢኮራም የጥንት ጌታው የማዕድን ጉድጓድ መሆኑ አልቀረም። ካቡ የመርከቦቹን ሜዳ ነው ወይስ አናሬስን በሙሉ የሚዘጋው፣ ይህ ከየትኛው ወገን ቆመው እንደሚያዩት ነው። ሼቬክ ሊሄድ ሲነሣ ሕዝቡ ከካቡ ዘንድ ተሰብስቦ ድንጋይ ወረወረበት፤ ሊጠብቁት ከመጡት አንዱ ተመትቶ ሞተ። በመጨረሻው ምዕራፍ ሲመለስ ያው ሕዝብ ይጠብቀዋል፤ አንዳንዱ ሊቀበለው፣ አንዳንዱም ድንጋዩን ይዞ። አብሮት ኬቶ የተባለ ከሐይን ዓለም የመጣ ሰው አለ። ሐይናውያን ከሁሉ የሚቀድም የብዙ ሺህ ዓመት ታሪክ ያላቸው፣ ሁሉን ነገር ሞክረው የደከሙ ሕዝብ ናቸው። ሆኖም ኬቶ ይህን እኔ ራሴ አልሞከርሁትም ብሎ ለመውረድ ይጠይቃል። ሼቬክም ከካቡ ወዲያ ከገባህ በኋላ የሚጠብቅህ ሕግ የለም ብሎ ያስጠነቅቀዋል፤ ከዚያ በኋላ መርከቡ ሳያርፍ መጽሐፉ ያልቃል።